ጭስ የሚበላ ግድግዳና የሀና ማርያም ጭስ

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት የመኪናን ጭስ እየበላ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጥ ቀለም በውጭ አገር ተሠርቷል። አዲስ አበባም ከ2024 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮሪደር ልማት ምክንያት የዋና ዋና መንገዶቿን ሕንፃዎች ስትቀባ ቆይታለች። መቀባቱ ካልቀረ ቀለሙ ለምን ጭስ የሚበላው አይሆንም? የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ከወደ ሳይንስ ፋኩልቲ ተነሥተዋል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ባለ ሐሳቦቹም ቅኖች ናቸው። ነገር ግን ያማረ ሐሳብ ሁሉ ለሁሉም ሰፈር እኩል ጥቅም አይሰጥምና፣ እኛ በበኩላችን ጉዳዩን በሀና ማርያም በኩል ልንመለከተው ፈለግን።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኬሚስትሪ ምን አገባው? የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። አየር ፋኩልቲ አይለይም፤ ሁላችንም እንተነፍሳለን። ደግሞም አንድ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት የኬሚስቱ ፈንታ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ መጠየቅ የሁሉም ዜጋ ፈንታ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለሳይንሱ ተገቢውን ክብር እንስጥ። አኪራ ፉጂሺማ የሚባል ጃፓናዊ በ1967 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ፣ በውሃ ውስጥ በነከረው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ላይ ብርሃን ቢያበራበት ውሃው ወደ ኦክሲጅንና ወደ ሃይድሮጅን ሲከፈል አየ። ከመምህሩ ከኬኒቺ ሆንዳ ጋር ሆኖም ውጤቱን በ1972 ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት አወጣ። የዛሬው ጭስ በል ቀለም የዚያ ተማሪ ሥራ የልጅ ልጅ ነው። ተማሪ ምን ይሠራል? እያሉ ለሚጠይቁን ሰዎች ይህን ታሪክ ብናስታውሳቸው አይከፋም።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እንግዳ ነገር አይደለም። የግድግዳን ቀለም ነጭ የሚያደርገው ዱቄት እርሱ ነው፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥም ይገባል። ይህን ዱቄት አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ዓይናችን የማያየው የፀሐይ ብርሃን ሲመታው በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሣሉ። የተነሡት ኤሌክትሮኖችና ባዶ የቀረው ቦታቸው በዱቄቱ ገጽ ላይ ካለው እርጥበትና ኦክሲጅን ጋር ሲገናኙ እጅግ ቁጡ የሆኑ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ያገኙት እንደሆነ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱም በግድግዳው ላይ ይቆይና ዝናብ ያጥበዋል። ዱቄቱ ግን አያልቅም። ካታሊስት የተባለውም ስለዚህ ነው። በሰፈራችን አነጋገር ካታሊስት ማለት ሻጭና ገዢን አስማምቶ፣ እርሱ እንደነበረ ሆኖ ወደሚቀጥለው ገበያ የሚሄድ ደላላ ነው፤ ልዩነቱ ኮሚሽን አለመጠየቁ ነው።

ፀሐይ ሲመታው የኖረ አሮጌ ግድግዳ በእጅ ሲነካ ነጭ ዱቄት እንደሚለቅ ያላየ የለም። ያም ከዚሁ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብርሃን ያነቃው ዱቄት ቀለሙን አጣብቆ የያዘውን ነገር መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ለተራ ቀለም የሚሆነው ዱቄት በሲሊካ ወይም በአሉሚና ተሸፍኖ ጠባዩ እንዲበርድ ይደረጋል። ጭስ በል ቀለም የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ ያንኑ ጠባይ ሆን ብለው ይለቁታል። የንፋስ ስልክን ስም የያዘ የቀለም ፋብሪካ እንዳለ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነውና፣ ቀለምም ዱቄቱም ለክፍለ ከተማችን ባዕድ አይደሉም።

ነገሩ በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። በሮም ከተማ ሪቻርድ ማየር የነደፈው የኢዮቤልዩ ቤተ ክርስቲያን በ2003 ሲከፈት፣ ነጭ ሆኖ እንዲኖር በማሰብ ሲሚንቶው ይህን ዱቄት እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። በሜክሲኮ ከተማም በ2013 አንድ ሆስፒታል በዚሁ ዱቄት የተቀባ ጥልፍ የመሰለ ሽፋን ለፊቱ አለበሰ። ሜክሲኮ ከተማ እንደ አዲስ አበባ ደጋ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ትገኛለች። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ለዚህ ቀለም የሚያስፈልገውን ፀሐይ ፈጣሪ አልነፈገንም። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ክርክር ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው፤ እኛም ይህን አንክድም።

ይሁን እንጂ በላቦራቶርና በመንገድ መካከል ብዙ ርቀት አለ። በላቦራቶር ውስጥ ጭሱ በትንሽ ሣጥን ተዘግቶ ከቀለሙ ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። በመንገድ ላይ ግን ጭሱ መሸሻ አለው፤ ግድግዳውን ነክቶ የሚያልፈው አየር ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቱ ነው። የብሪታንያ መንግሥት የአየር ጥራት ባለሙያዎች ቡድን በ2016 በልዩ ልዩ ከተሞች የተደረጉትን ሙከራዎች መርምሮ፣ እንዲህ ያለውን ቀለም በሰፊው መቀባት በከተማ አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል ለማለት የሚያበቃው ማስረጃ ጥቂት ነው ሲል ደመደመ። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ቀለም እንደ ናይትረስ አሲድና እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ ሌሎች ጎጂ ነገሮችን ሊያወጣ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ይህን የተናገሩት የሳይንስ ጠላቶች አይደሉም፤ ሳይንቲስቶች ናቸው።

አሁን ከለንደንና ከሮም ተመልሰን ወደ ሀና ማርያም እንውረድ። ሀና ማርያም በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለች ሰፈራችን ናት። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው፤ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ዛሬ ነፋሱ የሚያመላልሰው ሌላ ነገር ሆኗል። በበጋ ወራት አሸዋና ድንጋይ የጫነው ሲኖትራክ ሲያልፍ አቧራው ከሱቁ መስኮት እስከ ልብስ ማስጫው ገመድ ድረስ ይነግሣል። አቧራ የለበሰ ግድግዳ ደግሞ፣ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ብልህ ቢሆን፣ ብርሃን አያገኝም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ግድግዳውን ያጥበዋል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሰማዩ ራሱ በደመና ተሸፍኖ ይከርማል። ጭስ በሉ ግድግዳ በበጋ አቧራ ሲጋርደው፣ በክረምት ደመና ሲጋርደው፣ የሚበላበት ጊዜ ስንት ወር እንደሚቀረው አንባቢ ራሱ ያስላው።

የጭሱም ዓይነት መታየት አለበት። ከሁሉ ይልቅ ሳንባንና ልብን የሚጎዱት ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡት ደቃቅ ብናኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የእነዚህ ብናኞች የዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በአዲስ አበባ የተደረጉት ልኬቶች ከዚህ መጠን በብዙ እጥፍ የበለጠ አሳይተዋል። እነዚህ ብናኞች የሚመጡት ከአሮጌ የናፍጣ ሞተር፣ በየጥጉ ከሚቃጠል ቆሻሻ፣ ከመንገድ አቧራና ከማገዶ ነው። ጭስ በሉ ቀለም ግን በዋናው የሚሠራው ጋዝ ላይ ነው። ጥላሸትን እንደ ጋዝ አየር ላይ ይዞ ማጥፋት አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ሀና ማርያም ውስጥ ጭስ የሚወፍረው የት ነው? ማለዳ በሰፈሩ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። እንጀራ ጋግረው በሚሸጡ እናቶች ማድ ቤት ነው። ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ በሯ አንድ፣ መስኮቷ የለም። በኮንዶሚኒየሙም ግቢ መብራት የጠፋ ዕለት ኮሚናሉ በጭስ ይሞላል፤ የከሰል ምድጃም በየደረጃው ላይ ይወጣል። ጋጋሪዋ እንጨቱንና ቅጠሉን እየማገደች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ሰዓታት ትቆያለች። ሕፃኑም እናቱ የምትተነፍሰውን ይተነፍሳል።

ይህ የአንድ ሰፈር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2016 በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ10 ቤተሰብ 9ኙ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና ይህን በመሳሰለው ማገዶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በመላው ዓለም በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ከነዚህም ውስጥ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ክርክራችን ከዚህ ላይ ነው። ብርሃን የሚያነቃው ካታሊስት ብርሃን በሌለበት ተራ ዱቄት ነው። ፀሐዩ ያለው በዋናው መንገድ ነው፤ ብዙውን ጭስ በቅርብ የምትተነፍሰው ሴት ግን ያለችው ፀሐይ በማይደርስበት ማድ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተማይቱ ገንዘቧን በመንገዱ ግድግዳ ላይ ብታፈስ፣ መድኃኒቱ የሚደርሰው በመኪና መስታወቱን ዘግቶ ለሚያልፈው ሰው ይሆንና፣ እሳቱ ዳር ለተቀመጠችው ግን አይደርሳትም። አበው ውስጡን ለቄስ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ላዩ ያምራል፣ እንግዳም ያደንቀዋል፣ የውስጡን ጉድ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

አንዱን መሥራት ሌላውን አይከለክልም፤ ግድግዳውም ይቀባ፣ ማድ ቤቱም ይሻሻል፣ የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። ገንዘብ የማያልቅባት አገር ብንሆን ኖሮ እኛም በዚህ እንስማማ ነበር። ነገር ግን የሚታየው ሥራ የማይታየውን ሥራ ገንዘብ እንደሚወስድበት ልምድ አስተምሮናል። የተቀባ ግድግዳ ይመረቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባለትን ማድ ቤት ማን ይመርቀዋል? ከዚህም የሚከፋ አንድ አደጋ አለ። ግድግዳው ጭሱን ይበላዋል ተብሎ ከታመነ፣ ጭሱን የሚያወጣው ሰው ምን ጨነቀኝ? ይላል። የናፍጣ መኪናውን ሳያሠራ፣ ቆሻሻውንም በጓሮው እያቃጠለ ይኖራል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ቲታኒየምን ባያውቁም፣ ጭስን ከአየር ላይ ከመልቀም ከምንጩ ማስቀረት እንደሚቀል ያውቁ ነበር።

ከምንጩ ማስቀረትም ሕልም አይደለም፤ በዓይናችን የምናየው ምልክት አለ። ከሀና ማርያም ብዙ በማይርቀው በለቡ ካለው ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፣ በ2016 የተመረቀው ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። በ2024 መጀመሪያም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2025 ተመርቋል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ገና አሉ፤ አዲስ መኪና አይግባ ማለት አሮጌውን አያስወጣም። የኅዳሴው ግድብ ኃይልም በሽቦ ተጉዞ፣ በትራንስፎርመር አልፎ፣ የጋጋሪዋ ማድ ቤት ሳይደርስ ጭሱን አይቀንስላትም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል። ይህን የሚችል ቆጣሪና የማይቆራረጥ መብራት፣ ምጣዱንም በረዥም ጊዜ ከፍላ የምትወስድበት መንገድ ቢገኝላት ያቺ እናት የማንም ስብከት አያስፈልጋትም። እንጨት የምታነደው ጭስ ወድዳ አይደለም።

ስለዚህ ሳይንሱን እንጣለው ማለታችን ነውን? አይደለም። በትክክለኛው ቦታው እናስቀምጠው ማለታችን ነው። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲና በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በብርሃን የሚነቁ ካታሊስቶችን እየሠሩ፣ በተለይ የማቅለሚያ ፍሳሽን ከውሃ ለማጥፋት ሞክረዋል፤ ሥራቸውንም በዓለም መጽሔቶች አውጥተዋል። በውሃ ጉዳይ ካታሊስቱ የተሻለ ዕድል አለው። የፋብሪካ ፍሳሽ እንደ መንገድ ጭስ አይሸሽም፤ በገንዳ ይታቆራል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ካታሊስቱም ሥራውን እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። በክፍለ ከተማችን የሚያልፈውን ትንሹን አቃቂን ያየ ሰው፣ ለዚህ እውቀት ሥራ ጠፍቶ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ቀለሙንም ቢሆን በጭፍን አንጥለውም። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ፈቃዳቸው ከሆነ በሀና ማርያም ሁለት እኩል ግድግዳዎች ይመረጡ። አንዱ በጭስ በሉ ቀለም፣ ሌላው በተራው ቀለም ይቀባ። የሁለቱም አየር አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጋውም ክረምቱም፣ ይለካ። ከሮምና ከሜክሲኮ የመጣ ወሬ ከሚያከራክረን የራሳችን መዝገብ ቢያስታርቀን ይሻላል። ያቸነፈው ይቸንፍ፤ እኛ ብንረታ በዚሁ መጽሔት ላይ ውጤቱን አምኖ ማውጣት አይከብደንም።

መለካት ካልን ዘንድ ሌላ ነገር እናክል። የአዲስ አበባ አየር ለብዙ ዓመታት በመደበኛነት ሲለካና ለሕዝብ ሲነገር የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 ጀምሮ ባቆመው መሣሪያ ጭምር ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን በመላው ዓለም በኤምባሲዎቹ የሚለካውን የአየር ውጤት ማሰራጨቱን በማርች 2025 አቆመ። የሰውን መሣሪያ ሰውየው ሲፈልግ ይዘጋዋል፤ ይህ ሊያስቀይመን አይገባም፤ ሊያስተምረን ግን ይገባል። የምንተነፍሰውን አየር ራሳችን እንለካ። ስንለካም መለኪያውን በኤምባሲ ግቢና በሰፊ አደባባይ ብቻ ሳናቆም፣ በጋጋሪዋ ማድ ቤት ግድግዳ ላይም እንስቀለው። በዚያ የሚገኘው ቁጥር ከመንገዱ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ቢታይ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ወዴት መሄድ እንዳለበት ለማወቅ ረዥም ክርክር አያስፈልግም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከሳይንስም ከአርትም ፋኩልቲ የተውጣጣ ቡድን ተቋቁሞ፣ በሀና ማርያም በመንገድና በማድ ቤት ያለውን አየር ነዋሪዎቹን አስፈቅዶ ይለካ፤ የአርት ተማሪዎችም ከእናቶቹ ጋር ተነጋግረው ማገዶ ስንት እንደሚፈጅባቸው፣ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋባቸው ይመዝግቡ። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ለክፍለ ከተማውም ለነዋሪውም ይሰጥ፤ በመደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ አይተው። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ የመኪናዎች ጭስ በእውነት እንዲለካ፣ ቆሻሻ ማቃጠል እንዲቀር፣ ለጋጋሪዎችም የኤሌክትሪክ ምጣድ በብድር የሚያገኙበት መንገድ እንዲከፈት በጽሑፍ ይጠይቅ።

የጭስ በሉን ቀለም ያመጡልን ወንድሞችና እህቶች በዚህ ጽሑፍ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ እናደርጋለን። ክርክሩን የከፈቱት እነርሱ ናቸው፤ ስለ አየር እንድናስብ ያደረጉን እነርሱ ናቸው። እኛም የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። መለኪያ መሣሪያ መግጠም የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ በሚመጣው ቅዳሜ ማለዳ መሣሪያቸውን ይዘው ሀና ማርያም ይምጡ። እኛ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንጠብቃቸዋለን፤ ማድ ቤቶቹንም እናሳያቸዋለን።